ከእማዬ ሮቶ እስከ ኮንዶሚኒየሙ መስኮት፦ የሚደበዝዝ ሲግናልን የማሸነፍ የሥራ ማስታወሻ

ጥር 4

እማዬ ግቢ ውስጥ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አለ። ሁለት ሜትር ከፍታ ባለው የብረት መቆሚያ ላይ ነው የተቀመጠው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ስንት እንደቀረ ሁልጊዜ ማወቅ ትፈልጋለች። ለማየት ደግሞ መሰላል ትወጣለች። ጉልበቷ እንደ ድሮው አይደለም። ባለፈው ሳምንት አዳልጧት ክንዷ ተላጠ። ይህን ሥራ የጀመርኩት በዚያው ቀን ነው።

ዕቅዱ ይኸው። ሮቶው ክዳን ላይ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ሴንሰር ይቀመጣል። አጠገቡ ትንሽ ሬዲዮ። እኔ ቤት፣ ኮንዶሚኒየሙ 4ኛ ፎቅ መስኮት ላይ፣ ተቀባይ። በካርታ ስለካው ርቀቱ 1.4 ኪሎ ሜትር ነው። በመካከሉ አንድ ዋና መንገድ፣ ብዙ የቆርቆሮ ጣሪያ እና አንድ ትልቅ መጋዘን አለ። እማዬ ቤት ዋይፋይ የለም። በሲም ካርድ የሚሠራ ሞጁል ነበር፣ ግን በየ10 ደቂቃው ለአንድ ቁጥር ብዬ ካርድ መሙላት አልፈለግኩም። ሬዲዮውን ራሱን መማርም እፈልግ ነበር።

ጥር 11

ሜርካቶ ሄጄ በጣም ርካሹን ገዛሁ። የ433 ሜጋኸርዝ ላኪና ተቀባይ ጥንድ፣ 500 ብር። የበር ሪሞት ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። አሠራሩ ኦኦኬ ይባላል። 1 ሲልክ ሞገዱን ያበራል፣ 0 ሲልክ ያጠፋል። ጠረጴዛ ላይ እንከን አልነበረውም። ይዤው ስወጣ 60 ሜትር ላይ አለቀለት።

ምክንያቱን ሳስበው ግልጽ ነው። ኦኦኬ መረጃውን የሚጭነው በሞገዱ ጉልበት ላይ ነው። መንገድ ላይ የሚለዋወጠው ደግሞ ይኸው ጉልበት ነው። ተቀባዩ “ከዚህ በላይ 1፣ ከዚህ በታች 0” የሚልበት መስመር አለው። ሲግናሉ በድንገት ሲወርድ መስመሩ ባለበት ይቀራል። ያኔ 1 የነበረው ሁሉ 0 ይሆናል።

ስለዚህ ወደ ኤፍኤስኬ ዞርኩ። እዚህ 1 አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው፣ 0 ሌላ። ጉልበቱ ቢወርድም የትኛው እንደሆነ እስከተለየ ድረስ ቢቱ፣ ማለትም 1ዱ ወይም 0ው፣ ይደርሳል። እንደ ፒኤስኬ ያሉት፣ በሞገዱ ፌዝ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ ባለበት ቦታ) መረጃ የሚጭኑት፣ በንጹህ መስመር ላይ ከኤፍኤስኬ የተሻሉ ናቸው። ነገር ግን ሲግናሉ ሲደበዝዝ ፌዙም አብሮ ይዞራል፤ ተቀባዩ ያለማቋረጥ ሊከታተለው ይገባል። ለዚህ ሥራ ኤፍኤስኬ ይበቃኛል።

ጥር 15

ሲሲ1101 የሚባል የሬዲዮ ሞጁል ሁለት ገዛሁ፣ 2,300 ብር። ሬዲዮዎቹን የሚያዝዙ ትንንሽ የኮምፒውተር ቦርዶችም፦ ለላኪው አርዱይኖ ናኖ 1,400፣ ለተቀባዩ ኢኤስፒ32 1,800።

በመጀመሪያው ቀን አንዱን አቃጠልኩ። ሲሲ1101 የሚችለው ከ1.8 እስከ 3.6 ቮልት ብቻ ነው። ይህን አውቅ ስለነበር ፓወሩን 3.3 ላይ ሰካሁት። የመረጃ ሽቦዎቹን ግን ረሳሁ፤ ናኖው በእነሱ በኩል 5 ቮልት ይልክ ነበር። ሁለት ሰዓት ሠርቶ ዝም አለ። ምትክ 1,150 ብር። ናኖውን ትቼ ባለ 3.3 ቮልት ፕሮ ሚኒ ገዛሁ፣ 1,250። ሲሲ1101 ለመሞከር ያሰበ ሰው ከመጀመሪያው በ3.3 ቮልት የሚሠራ ቦርድ ይግዛ።

ከሞጁሉ ጋር የመጣውን የስፕሪንግ አንቴና አውጥቼ ቀጥ ያለ የመዳብ ሽቦ በየድኩ። ርዝመቱ 17.3 ሳንቲ ሜትር። በ433 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 69 ሳንቲ ገደማ ነው፣ ይህ ሩቡ ነው።

ጥር 22

የመጀመሪያው የመስክ ሙከራ። ፍጥነት 38.4 ኪሎቦድ (በሰከንድ 38,400 ቢት)፣ ጉልበት 0 ዲቢኤም (የሬዲዮ ጉልበት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ በወረደ መጠን ሲግናሉ ደካማ ነው)። የተገኘው ምሳሌ ኮድ እንዲህ ነበር የሚያስቀምጠው። 500 ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) ተላከ፣ 11 ደረሰ።

ጉልበቱን ወደ 10 ዲቢኤም አወጣሁት። ይህ 10 እጥፍ ነው። ሞጁሉ ሲልክ የሚበላው ከ16 ወደ 29 ሚሊአምፔር ገደማ ወጣ። ከ500 ፓኬት 341 ደረሰ። 159 ጠፋ፣ ማለትም 32 በመቶ።

ከዚያ ላኪው ያለማቋረጥ ሞገድ እንዲልክ አድርጌ ተቀባዩ ላይ ለአንድ ሰዓት መጠኑን መዘገብኩ። አማካዩ −100 ዲቢኤም ወጣ። የሞጁሉ ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ) በ38.4 ኪሎቦድ እስከ −104 ድረስ እንደሚሰማ ይናገራል። የ4 ዲቢ ትርፍ አለኝ ማለት ነው። ታዲያ ሲሶው ለምን ይጠፋል?

የመዘገብኩትን በግራፍ ሳወጣው መልሱን አገኘሁት። አማካይ የሚባለው ነገር አታላይ ነው። ሲግናሉ −100 ላይ አይቀመጥም። አንዴ −95፣ አንዴ −118፣ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ከሮቶው የወጣው ሞገድ እኔ ጋ የሚደርሰው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ከመጋዘኑ ግድግዳ ይነጥራል፣ ከቆርቆሮው ይነጥራል፣ ከሚያልፈው ሲኖትራክ ይነጥራል። እነዚህ ሁሉ ሲገናኙ አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ይጠፋፋሉ። ሲጠፋፉ ሲግናሉ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። ፌዲንግ የሚሉት ይህን ነው።

ሞገዱ በቀጥታ የሚደርስበት መስመር የሌለው፣ ከየአቅጣጫው የሚነጥር ብቻ ሲሆን ሬይሊ ፌዲንግ ይባላል። ሒሳቡ አጭር ነው። ከአማካዩ 10 ዲቢ በታች የመውረድ ዕድል 9.5 በመቶ ነው። 20 ዲቢ በታች 1 በመቶ፣ 30 ዲቢ በታች 0.1 በመቶ። በእኔ የ4 ዲቢ ትርፍ ሳሰላው 33 በመቶ መጥፋት አለበት። የለካሁት 32 ነው። ወረቀቱን ይዤ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የኛ ሰፈር ቆርቆሮ በቀመሩ መሠረት ነው የሚሠራው!

ከዚህ ሒሳብ ሌላም ነገር ይወጣል። ጥፋቱን በ10 እጥፍ ለመቀነስ ጉልበቱን 10 እጥፍ መጨመር ይጠይቃል። በንጹህ መስመር ላይ ፒኤስኬ ከ100,000 ቢት አንድ ብቻ እንዲሳሳት ሲግናሉ ከጫጫታው በ9.6 ዲቢ መብለጡ ይበቃዋል። በሬይሊ መስመር ላይ ግን 44 ዲቢ ገደማ ይፈልጋል። ልዩነቱ ከ2,000 እጥፍ በላይ ጉልበት ነው። በባትሪ የሚታሰብ አይደለም። ጉልበት መጨመሩን እዚህ ላይ አቆምኩ። የቀረውን በኮድ እሞክራለሁ።

የካቲት 1

ፍጥነቱን ከ38.4 ወደ 1.2 ኪሎቦድ አወረድኩ። ዳታሺቱ በዚህ ፍጥነት −112 ድረስ ይሰማል ይላል። 8 ዲቢ በነጻ አተረፍኩ። በሬይሊ ሒሳብ ጥፋቱ ወደ 6 በመቶ መውረድ ነበረበት።

አልወረደም። ከ500 ፓኬት 392 ደረሰ። 22 በመቶ ገደማ ጠፋ።

ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ስህተቱ ቀላል ነበር። በ38.4 ኪሎቦድ አንድ ባለ 64 ባይት ፓኬት አየር ላይ የሚቆየው 13 ሚሊሰከንድ ነው። ወይ ሙሉ በሙሉ ከጉድጓዱ ውጭ ነው፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ውስጥ። በ1.2 ኪሎቦድ ግን ያው ፓኬት 427 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። በዚህ ግማሽ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ መንገዱ ላይ ያሉት መኪኖች ይንቀሳቀሳሉ፣ አንድ ጉድጓድ መሃሉ ላይ ይገባል። አንድ ቢት እንኳ ከተሳሳተ ሲአርሲው (ፓኬቱ አለመበላሸቱን የሚያጣራው ቁጥር) ሙሉውን ፓኬት ይጥለዋል።

መኪኖቹ በ10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጓተቱ (ጠዋትና ማታ ሁልጊዜ ነው) የዶፕለር ለውጡ (በእንቅስቃሴ ምክንያት የሚመጣው የፍሪኩዌንሲ ለውጥ) 4 ኸርዝ ገደማ ነው። በዚህ ሒሳብ አንዱ ጉድጓድ በአማካይ 26 ሚሊሰከንድ ይቆያል። በ1.2 ኪሎቦድ 31 ቢት ማለት ነው።

የካቲት 6

ሃሚንግ ኮድ ጻፍኩ። የሒሳብ ሊቁ ሪቻርድ ሃሚንግ ቤል ላብስ በሚባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ በ1950 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። ለ4 የመረጃ ቢት 3 የመጠበቂያ ቢት ይጨመራል። ከ7ቱ አንዱ ቢበላሽ ተቀባዩ የትኛው እንደሆነ አውቆ ያስተካክለዋል። ፕሮ ሚኒው ላይ 16 ቁጥር ያለው ሠንጠረዥ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቀላልና ቆንጆ ነገር ነው።

ውጤት፦ ከ500 ውስጥ 389። ምንም ለውጥ የለም።

መጀመሪያ ኮዴ የተሳሳተ መሰለኝ። ጠረጴዛ ላይ ሆን ብዬ ቢት እያበላሸሁ ሞከርኩት፣ ሁሉንም አስተካከለ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። የሞጁሉ የራሱ ሲአርሲ በርቶ ነበር። ተበላሽቶ የመጣውን ፓኬት የእኔ ኮድ ሳያየው ይጥለዋል። የሚያስተካክለው ሐኪም ጋ በሽተኛው እየደረሰ አልነበረም። የሞጁሉን ሲአርሲ አጠፋሁ። በምትኩ ከመጠበቂያ ኮዱ በፊት፣ መረጃው ውስጥ፣ ባለ 16 ቢት የራሴን ሲአርሲ ጨመርኩ። 30 ባይት መረጃ፣ 2 ባይት ሲአርሲ፣ በድምሩ 32። በሃሚንግ ሲያልፍ 56 ባይት ይሆናል። የሞጁሉ ማጠራቀሚያ 64 ባይት ስለሚይዝ ይገባል።

እንደገና 500 ላክሁ። 401። አሁንም ያው ነው።

የካቲት 9

የተበላሹትን ፓኬቶች ከላክሁት ጋር አነጻጽሬ ስህተቱን ነጥብ በነጥብ አተምኩ። ጥቁሩ የተሳሳተ ቢት ነው።

···················●●·●··●●●·●·●●···●·●●●·●····················

እንዲህ ነው የሚመጣው። ለረጅም ጊዜ ምንም ስህተት የለም። ከዚያ 25 ወይም 35 ቢት ላይ ዶፍ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይጠራል። ሃሚንግ በየ7ቱ አንድ ስህተት ነው የሚችለው። እዚህ አራት አምስት ተከታታይ ቃላት (ባለ 7 ቢት ጥቅሎች) በአንድ ላይ ይጠፋሉ፣ ከ64ቱ የተቀሩት 59 ደግሞ ምንም እርዳታ አይፈልጉም። ኮዱ ብርቱ ነው፣ ስህተቱ ግን በአንድ ቦታ ተከምሯል።

ሲሲ1101 የራሱ ስህተት ማስተካከያ እንዳለው አስታወስኩ። ኮንቮሉሽናል ኮድ (ሌላ ዓይነት የመጠበቂያ ኮድ) እና ኢንተርሊቨር (የቢቶቹን ቅደም ተከተል የሚያደባልቅ)፣ ሁለቱም ቺፑ ውስጥ ናቸው። የፓኬቱ ርዝመት ቋሚ ከሆነ ብቻ ነው የሚሠራው። አበራሁት። ጥፋቱ 19 በመቶ ሆነ። ዳታሺቱን ሳየው ገባኝ። የቺፑ ኢንተርሊቨር 4 በ4 ነው፣ እያንዳንዱ ክፍል 2 ቢት። በድምሩ 32 ቢት ብቻ ነው የሚያቀያይረው። በእኔ ፍጥነት 27 ሚሊሰከንድ ነው። ጉድጓዱም 26 ሚሊሰከንድ ነው። ከጉድጓዱ እኩል የሆነ ማደባለቂያ ምን ያደርጋል? ሁሉንም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚያደባልቀው።

አጠፋሁትና የራሴን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

የካቲት 12

ኢንተርሊቨሩ ይህ ነው። 64 የሃሚንግ ቃላትን በ64 ረድፍ ጻፍ፣ እያንዳንዱ 7 ቢት። ሲላክ በረድፍ ሳይሆን በዓምድ አንብብ። መጀመሪያ የ64ቱም ቃላት የመጀመሪያ ቢት ይሄዳል፣ ከዚያ የ64ቱም ሁለተኛ ቢት፣ እንዲህ እስከ ሰባተኛው። የአንድ ቃል ሁለት ጎረቤት ቢቶች አየር ላይ በ64 ቢት ይራራቃሉ፣ ማለትም በ53 ሚሊሰከንድ። ጉድጓዱ 26 ነው። አንዱ ቢት ቢወድቅ ቀጣዩ ሲደርስ ሲግናሉ ወጥቷል። ተቀባዩ መልሶ ሲደረድረው የ31 ቢቱ ዶፍ በ31 ቃላት ላይ አንድ አንድ ጠብታ ይሆናል። ሃሚንግ ደግሞ አንድ ጠብታ ይችላል።

የጨመርኩት ጉልበት የለም። የጨመርኩት ቢት የለም። ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው የቀየርኩት።

መጀመሪያ ሁሉም ፓኬት ተበላሽቶ መጣ፤ ተቀባዩ ላይ 64 ሳይሆን 63 ጽፌ ነበር። ካስተካከልኩ በኋላ፦ ከ500 ፓኬት 471። ጥፋቱ ከ22 በመቶ ወደ 5.8 ወረደ። ከመስኮቱ ፊት ቆሜ እጄን አጨበጨብኩ።

በዚያው ማታ እማዬ ደወለች። “ልጄ፣ ዛሬስ ስንት ደረሰ?” “ሰማንያ ሦስት ሳንቲ ነው እማዬ፣ አትውጪ።” ይህን ከተናገርኩ በኋላ ነው ሥራው ሥራ የመሰለኝ።

የካቲት 16

የቀሩትን 29 ጥፋቶች መረመርኩ። 7ቱ ደርሰው ያልተስተካከሉ ናቸው። 22ቱ ግን ጭራሽ አልተጀመሩም። ፓኬቱ “መጣሁ” የሚልበት የመጀመሪያ ምልክት፣ ሲንክ ወርድ የሚባለው፣ በኮዱ አልተሸፈነም። ጉድጓዱ እሱ ላይ ካረፈ ተቀባዩ ፓኬት እንደነበረ እንኳ አያውቅም።

ሲንኩ 16 ቢት ነበር፣ ሁሉም ልክ መሆን አለባቸው። አንድ ስህተት እንዲታገስ አደረግኩት። ባሰበት። በባዶ ጫጫታ ውስጥ በየ3 ሰከንዱ ሐሰተኛ ሲንክ ያገኛል፣ እሱን ሲያነብ እውነተኛው ያልፈዋል። ከዚያ ባለ 32 ቢቱን፣ 30 ልክ ከሆነ የሚቀበለውን አደረግኩ። ሐሰተኛው ጠፋ፣ ያልተጀመሩት ከ22 ወደ 15 ወረዱ።

ለ7ቱ ሌላ ዘዴ ሞከርኩ። ኢኤስፒ32 ፓኬቱ እየገባ ሳለ በየ5 ሚሊሰከንዱ የሲግናሉን መጠን ያነባል። በጣም የወረደበት ቦታ ያሉትን ቢቶች “አትመኑ” ብሎ ምልክት ያደርግባቸዋል። ሃሚንግ የት እንዳለ የማያውቀውን አንድ ስህተት ነው የሚያስተካክለው፤ ቦታው ከተነገረው ግን ሁለት የጠፉ ቢቶችን ይሞላል። 7ቱ 2 ሆኑ። ጥሩ ነው።

አንድ ጓደኛዬ “ሎራ ገዝተህ ብትገላገልስ?” አለኝ። ትክክል ነው፣ ሎራ የሚባለው የሬዲዮ ዓይነት ከዚህ የራቀ ይሄዳል። ግን ሎራ ውስጥም ያለው ሃሚንግና ኢንተርሊቨር ነው። ደግሞ ብዙ ሰው የሚያስቀምጠው 4/5 የኮድ መጠን (ለ4 የመረጃ ቢት በድምሩ 5 ቢት የሚልከው) ስህተት መኖሩን ያውቃል እንጂ አያስተካክልም፤ ማስተካከል የሚጀምረው ከ4/7 ነው። ይህን ያወቅኩት የራሴን ስለጻፍኩ ነው።

የካቲት 21

ሲስተሙን ለሊቱን እንዲሠራ ትቼው ተኛሁ። በየ10 ደቂቃው አንድ ፓኬት። ጠዋት ስነሳ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ንጋት 12 ሰዓት አንድም አልደረሰም። 51 ፓኬት በተከታታይ።

ባትሪ መስሎኝ እየሮጥኩ ሄድኩ። ባትሪው ሙሉ ነው። ጎረቤታችን አይሱዙውን ከእማዬ አጥር ጥግ አቁሞት ነበር ያደረው፣ ከሮቶው 3 ሜትር ርቀት ላይ። እኔ ስደርስ ሞተሩን አስነስቶ ሊወጣ ነበር። “ጋሼ፣ እባክዎ አምስት ደቂቃ ብቻ ይጠብቁኝ” አልኩት። ግራ ቢገባውም ጠበቀኝ።

ቤት ያለው የእህቴ ልጅ የተቀባዩን ቁጥር በስልክ ያነብልኛል። −113። አንቴናውን በእጄ 17 ሳንቲ ገፋሁት። −101! የመኪናው የብረት ሳጥን ሞገዱን መልሶ እየላከው ነበር፣ የተመለሰው ከቀጥታው ጋር አንቴናው ባለበት ቦታ ላይ በትክክል ይጠፋፋ ነበር። የሞገዱን ሩብ ያህል ብቻ ስገፋው ተደጋገፉ።

እዚህ ላይ የኢንተርሊቨሬ ወሰን ታየኝ። እሱ የሚሠራው ጉድጓዱ አልፎ ሲሄድ ነው። ቀን መኪኖች ሲንቀሳቀሱ ጉድጓዱ በሚሊሰከንዶች ያልፋል። ሌሊት ግን ሁሉም ነገር ቆሟል። ጉድጓዱ ለ8 ሰዓት ተኩል አንድ ቦታ ከተቀመጠ ቢቶቹን በ53 ሚሊሰከንድ ማራራቅ ምንም አይጠቅምም። የ8 ሰዓት ኢንተርሊቨር ደግሞ አይጻፍም። ጊዜ ካልረዳ ሌላ የሚለይ ነገር መፈለግ አለብኝ፦ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ወይም ሌላ ቦታ።

የካቲት 26

ፍሪኩዌንሲ ቀላሉ ስለሆነ ከእሱ ጀመርኩ፣ ኮድ ብቻ ነው። ከ433.1 እስከ 434.6 በ100 ኪሎኸርዝ ልዩነት 16 ቻናል። ያለ አይሱዙው ስለካ ልዩነቱ ደስ ይላል። 433.9 ላይ −109፣ 433.2 ላይ −97። የመጋዘኑ ግድግዳ ነው ይህን የሚያደርገው፤ በእሱ በኩል የሚመጣው ሞገድ 100 ሜትር ያህል ይረዝማል። በ100 ሜትር ልዩነት ጉድጓዶቹ በየ3 ሜጋኸርዙ ስለሚመጡ 1.5 ሜጋኸርዝ መራቅ ከጉድጓድ ወደ ጉብታ ያወጣል።

ጋሼ ማታ መኪናውን እዚያው ሲያቆም ደግሜ ለካሁ። 16ቱም ቻናሎች ከ−111 እስከ −115። ሁሉም ጉድጓድ ውስጥ!

ይህ ለካስ የሚጠበቅ ነው። አይሱዙው 3 ሜትር ላይ ነው፣ የመንገድ ልዩነቱ 6 ሜትር ብቻ። በ6 ሜትር ልዩነት ጉድጓዶቹ የሚራራቁት በ50 ሜጋኸርዝ ነው። እኔ ያለኝ 1.5። ከሩቅ የሚነጥረውን ፍሪኩዌንሲ በመቀየር ማምለጥ ይቻላል፣ ከአጠገብ የሚነጥረውን ግን አይቻልም። ለእሱ ቦታ መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው።

መጋቢት 3

ሁለተኛ አንቴና። የት ይሁን? በመጀመሪያ መስኮቴ ላይ ሁለተኛ ተቀባይ ላደርግ ነበር። ሰክቼ ስሞክረው አልረዳም፤ ሁለቱም −113 አካባቢ። ጉድጓዱ የሚፈጠረው ላኪው አጠገብ ስለሆነ በእኔ አቅጣጫ የሚወጣው ሁሉ ደክሞ ነው የሚወጣው። መፍትሔው ጉድጓዱ ባለበት ጎን መሆን አለበት።

ያንኑ ሞጁል (1,150 ብር) ወስጄ ሮቶው ላይ ተከልኩት። ከመጀመሪያው አንቴና ያለው ርቀት 52 ሳንቲ፣ ወደ አጥሩ አቅጣጫ። ይህ የሞገዱ ሦስት አራተኛ ነው። አንዱ ጉድጓዱ መሃል ሲሆን ሌላው ጉብታ ላይ ይሆናል። 17 ሳንቲም ይሠራ ነበር፣ ግን ሁለት አንቴና እንዲህ ሲቀራረብ አንዱ ሌላውን ይነካዋል።

ሲያቫሽ አላሙቲ በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ሁለቱን አንቴና በአንድ ጊዜ ያስልካቸዋል። በጣም የሚያምር ሒሳብ ነው። ተቀባዩ ግን የሁለቱንም መንገድ ፌዝ ማወቅ አለበት፣ የእኔ ሞጁል ይህን አያውቅም። እኔ በተራ አደረግኩት። እያንዳንዱ መለኪያ ሦስት ጊዜ ይላካል፣ በ2 ሰከንድ ልዩነት። አንደኛው ከአንቴና አንድ በ433.2፣ ሁለተኛው ከአንቴና ሁለት በ433.9፣ ሦስተኛው ከአንቴና አንድ በ434.6። ተቀባዩም በዚያው ተራ ይዞራል። አንዱ እንኳ ሲአርሲውን ካለፈ በቂ ነው።

ቀን ላይ አንዱ ቅጂ የመጥፋት ዕድሉ አሁን 3.4 በመቶ ነው። ሦስቱ ራሳቸውን ከቻሉ ሦስቱም አብረው የሚጠፉት ከ25,000 አንዴ ገደማ ነው። ሙሉ በሙሉ ራሳቸውን አይችሉም፣ ግን ይቀራረባሉ።

መጋቢት 9

ሴንሰሩን በደንብ አሰርኩ። ውሃ የማያስገባ አልትራሶኒክ፣ 2,600 ብር። ከ25 ሳንቲ በታች ያለውን ርቀት አያይም፣ ስለዚህ ከክዳኑ ከፍ ባለ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሁለት 18650 ባትሪ ከነመያዣውና ቻርጀሩ 1,300። ሳጥን፣ ሲሊከንና ሽቦ 700።

እስካሁን የወጣው በድምሩ 14,150 ብር። ከዚህ ውስጥ 3,050 የባከነ ነው፦ የኦኦኬው ጥንድ፣ የተቃጠለው ሞጁልና ናኖው።

መጋቢት 24

ሁለት ሳምንት ሳልነካው ሠራ። በቀን 144፣ በጠቅላላው 2,016 መለኪያ። 2,013ቱ ደረሱ። ከሦስቱ ሁለቱ ባትሪ ስቀይር የጠፉ ናቸው። አንዱ በእውነት የጠፋ ነው፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ መንገዱ በሚጨናነቅበት ሰዓት።

አይሱዙው በእነዚህ ቀናት ዘጠኝ ሌሊት እዚያው አድሯል። በእነዚያ ሌሊቶች አንደኛውና ሦስተኛው ቅጂ ጭራሽ አልመጡም። ሁለተኛው ሁሌም መጥቷል።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ሳጥኑን እንደገና በሲሊከን ማሸግ፣ እና የባትሪውን ቮልቴጅ ፓኬቱ ውስጥ መጨመር። ከ30ው ባይት 22ቱ ባዶ ስለሆኑ ቦታ አለ።

ዛሬ ጠዋት ሮቶው 1 ሜትር ከ12 ላይ ነው። መሰላሉን ጋሼ ጣሪያውን ሊጠግንበት ወስዶታል።